የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የብራስልሱ የባዮ ማህበር ለኛ ምን ይጠቅመናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከጅማ ነው የምፅፈው። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ከጓደኞቼ ጋር ከቡና ገለባ የእንቁላል መያዣና የችግኝ ማፍያ ለመስራት እየሞከርን ነው። ቤልጂየም ያለ የአክስቴ ልጅ "ብራስልስ ውስጥ ቢክ የሚባል የባዮ ኢንዱስትሪዎች ማህበር አለ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዩሮ አላቸው፣ ለምን እርዳታ አትጠይቁም?" አለኝ። እውነት ነው? እንደኛ ላለው ይሰጣሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ግማሹን ልክ ነው። ማህበሩ አለ፣ ሙሉ ስሙ ባዮ ቤዝድ ኢንዱስትሪስ ኮንሰርቲየም ነው፣ ለትርፍ ያልቆመ የኩባንያዎች ማህበር ሆኖ ከ200 በላይ የኢንዱስትሪ አባላት አሉት፣ ትልልቁም ትንንሹም፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም በተባባሪነት ይገባሉ። ሁሉንም ያሰባሰባቸው ከነዳጅ ዘይት የሚሰራውን ፕላስቲክ፣ ኬሚካል፣ የማሽን ቅባት ምናምን ከእርሻ ተረፈ ምርት፣ ከእንጨት፣ ከምግብ ትራፊ እንስራው የሚለው ሀሳብ ነው፣ ደሞ ከአንዱ ፋብሪካ የሚወጣው ቆሻሻ ለሌላው ጥሬ እቃ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።

ቢሊዮኑ ግን እነሱ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ የሚታደል ገንዘብ አይደለም። በ2014 (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው) ማህበሩና የአውሮፓ ህብረት አንድ የጋራ ተቋም አቋቋሙ፣ ጠቅላላው 3.7 ቢሊዮን ዩሮ ተባለ፣ 975 ሚሊዮኑን ህብረቱ ሌላውን ኢንዱስትሪው ሊያመጣ። በ2021 ደሞ በሱ ምትክ ሰርኩላር ባዮ ቤዝድ ዩሮፕ የሚባለው መጣ፣ 2 ቢሊዮን ዩሮ፣ ግማሽ በግማሽ። ይሄ ተቋም የፕሮጀክት ጥሪ ያወጣል፣ ሰው ይወዳደራል፣ ያሸነፈ ያገኛል። ስለዚህ ለቢክ "እርዱን" ብሎ ደብዳቤ መላክ ዋጋ የለውም።

ለናንተ በሩ ዝግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጥሪው የሚመራው ሆራይዘን ዩሮፕ በሚባለው የህብረቱ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም ደንብ ነው፣ በዛ ደንብ ደሞ የኢትዮጵያ ተቋም የፕሮጀክት አባል ሆኖ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ብቻ ከተለያዩ ሶስት ሀገሮች የሆኑ ቢያንስ ሶስት የአውሮፓ ህብረት ወይም ከፕሮግራሙ ጋር ስምምነት ያላቸው ሀገሮች ድርጅቶች መኖር አለባቸው፣ ከነሱም አንዱ የግድ ከህብረቱ አባል ሀገር ነው፣ እናንተ በነሱ ላይ ተጨማሪ ናችሁ። ስለዚህ መፈለግ ያለባችሁ ገለባችሁን የሚፈልግ አጋር ነው፣ ያ አጋር ደሞ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ ሀሳባችሁ ውበት አይደለም፣ በአመት ስንት ቶን አላችሁ፣ በየትኛው ወር ይገኛል፣ እርጥበቱ ስንት ነው፣ ከደረቅ መፈልፈያ የወጣ ገለባ ነው ወይስ ከእርጥብ ማጠቢያ የወጣ ልጣጭ (እነዚህ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፣ ልጣጩ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ወንዝ ውስጥ ሲደፋም ምን እንደሚያደርግ እናንተ ጅማ ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ)። እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ከቀረባችሁ ከብዙ ሰው ቀድማችኋል።

ቅርብ ያለውንም አትርሱ። ናይሮቢ ኢሲፔ በሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ውስጥ ባዮ ኢኖቬት አፍሪካ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የስዊድን መንግስት ነው የሚደግፈው፣ ኢትዮጵያን ይጨምራል። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካውን ፍሳሽ ወደ ባዮጋዝ ቀይሮ የቀረውን በረግረግ እፅዋት የሚያጣራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስራ በዚሁ ፕሮግራም ነው የተደገፈው። እኔ ብሆን ከብራስልስ በፊት እዛ ነበር የማንኳኳው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው። እዚህ ሱፐርማርኬት ከበቆሎ የተሰራ "ባዮ" የሚል የቆሻሻ ከረጢት ይሸጣሉ፣ እኔም የአትክልት ልጣጩን በሱ አድርጌ ባዮ ገንዳ ውስጥ ስጥል የግቢው ጠባቂ ተቆጣኝ። እራሱ ባዮ ከሆነ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያናደደሽ ነገር ብዙ ሰው ያናድዳል፣ ጥፋቱም ያንቺ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ "ባዮ" መጥራታቸው ነው። ከእፅዋት የተሰራ ማለት ሌላ፣ የሚበሰብስ ማለት ሌላ። ብራዚል ውስጥ ብራስኬም የሚባለው ኩባንያ ከሸንኮራ አገዳ ኤታኖል ፖሊኤትሊን (ፌስታል የሚሰራበት ፕላስቲክ) ይሰራል፣ ከእፅዋት ነው ግን እንደማንኛውም ፌስታል አይበሰብስም። በተቃራኒው ፒባት የሚባለው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት ተሰርቶም ይበሰብሳል። ያንቺ ከረጢት ኢኤን 13432 የሚል (የአውሮፓ የኮምፖስት መስፈርት ነው) ካለበት ይበሰብሳል፣ ነገር ግን በቤት ኮምፖስት ሳይሆን በፋብሪካ ሙቀት፣ ያውም መስፈርቱ ለመበጣጠስ ብቻ እስከ 12 ሳምንት ይሰጠዋል፣ ብዙ የጀርመን ኮምፖስት ፋብሪካዎች ደሞ ስራቸውን ከዛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ፣ ስለዚህ ከረጢቱ ሳይበሰብስ ይወጣና እንደ ተራ ፕላስቲክ ተለቅሞ ይጣላል። የከተማሽን የቆሻሻ አገልግሎት ጠይቂ፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል። እስከዛ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ጣይው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በአምራቾች መካከል የምሰራ ሰው ነኝ። ስኳር አለን፣ ቆዳ አለን፣ ቡና፣ ቀርከሃ፣ እንሰት አለን፣ ለምን እንደ ቢክ አይነት ማህበር አናቋቁምም? ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ጥያቄዎ በጣም ደስ ይለኛል፣ እርስዎ ያሉት ቦታ ላይ ሆኖ ይህን የሚያስብ ሰው ያስፈልገናል። ግን የነሱን አርማ ብቻ ሳይሆን የወደቁበትንም እንይ። በ2014ቱ ስምምነት ኢንዱስትሪው ከሚያዋጣው ውስጥ ቢያንስ 182.5 ሚሊዮን ዩሮው በጥሬ ገንዘብ እንዲሆን ነበር። አልገባም። በ2018 መጀመሪያ ህጉን ቀይረው አባላቱ በየፕሮጀክቱ የሚያወጡትም ይቆጠርላቸው አሉ፣ እንዲያም ሆኖ ስላልበቃ የአውሮፓ ኮሚሽን በዛው አመት መጨረሻ ከራሱ ድርሻ 140 ሚሊዮን ዩሮ ለመቀነስ ወሰነ። እነዛ ሀብታም ኩባንያዎች ናቸው እኮ! በስብሰባ እጅ ማውጣትና ከባንክ ማውጣት እንደሚለያይ እኛ ማህበር ላይ የቆየን ሰዎች እናውቀዋለን።

ሁለተኛ ነገር፣ ሁሉም ፋብሪካ አይሳካም። ሰርዲኒያ ውስጥ ፖርቶ ቶሬስ የነዳጅ ኬሚካል ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ላይ በደረቅ መሬት ከሚበቅል ካርዱን ከሚባል እሾሃማ ተክል ፕላስቲክና ቅባት ለመስራት የሄዱበት መንገድ ለኛ ቆላ ብዙ ያስተምራል። ሩማንያ ፖዳሪ ላይ ግን ክላሪያንት የሚባለው የስዊስ ኬሚካል ኩባንያ በአመት 250 ሺህ ቶን ጭድ ወስዶ 50 ሺህ ቶን ኤታኖል ሊያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ሰራ፣ በህብረቱ ገንዘብም ተደገፈ፣ በ2023 መጨረሻ ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ። ጭድ በወረቀት ርካሽ ነው፣ ሰብስቦ አድርቆ ጭኖ አመቱን ሙሉ ማቅረብ ግን ሌላ ስራ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደሞ ጭዱን በሬው ይበላዋል፣ ገበሬው ጋር ሳይነጋገሩ "ተረፈ ምርት" ብሎ መቁጠር አደገኛ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርዎ ቀድሞውኑ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኘውን ነው። ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) ፋብሪካው በር ላይ አለ፣ ፊንጫና መተሃራ ኤታኖል አውጥተውበታል፣ አዲስ አበባም ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነድታበታለች። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽም እዛው ነው፣ የቡና ማጠቢያ ልጣጭም። የእንሰት ቃጫ ግን በየጓሮው ተበትኖ ነው ያለው፣ ቆይቶ ይምጣ። አምስት ስድስት ኩባንያ ብቻ ይጥሩ፣ ግማሾቹ ሻጭ ግማሾቹ ገዢ ይሁኑ፣ ገዢ የሌለበት ማህበር ወርክሾፕ ብቻ ነው የሚያዘጋጀው። በ2022 የወጣው የምስራቅ አፍሪካ የባዮኢኮኖሚ ስትራቴጂ ኢትዮጵያንም ስለሚጨምር ወደ መንግስት ሲሄዱ ይያዙት። መተዳደሪያ ደንቡን ሲያረቁ ደሞ አባል በጥሬ ገንዘብ ስንት፣ በየትኛው ወር እንደሚከፍልና ካልከፈለ ድምፅ እንደማይኖረው ቀድመው ያስፅፉ፣ ስሙና አርማው ከዛ በኋላ ይደርሳል።