ለፍታችኋል፣ ግን ተግታችኋል?

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። መጽሐፍ፣ መጽሔት፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ ሲቪም ሳይቀር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የእናንተን ጽሑፍ ማንበብ ግን አልተውኩም። አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስለ ድካማችሁ ስትናገሩ ሁለት ቃል ብቻ የቀራችሁ ይመስለኛል፤ ወረቀት ላይ «ከፍተኛ ጥረት»፣ ስልክ ላይ «ቢዚ ነኝ»።

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። «ደፋ ቀና»ን ብቻ እዩት። ልጅ ሆኜ እናቴ ጤፍ ስታርም ማሳው ዳር ቆሜ አያት ነበር። ደፋ ትላለች፣ አረሙን ከነሥሩ ትነቅላለች፣ ጣቶቿ መሃል የገባውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረግ ታደርግና ቀና ትላለች፣ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ ሰማዩን አየት ታደርጋለች፣ ደግሞ ደፋ። ቃሉ ሥራውን እንዳለ ይዞታል። ዛሬ ቢሮ ተቀምጠንም «እንዴት ነው ሥራ?» ስንባል «ይመስገነው፣ ደፋ ቀና እያልን ነው» የምንለው ከዚያ ወገብ ተውሰን ነው።

ልፋትስ? ጥሬ ቆዳ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም። ሲታሽ፣ ሲረገጥ፣ እንደገና ሲታሽ ይለሰልሳል፤ ያኔ «ለፋ» ይባላል። ሰውም ለፋ የምንለው በዚሁ ቃል ነው። «ለፋሁ» ስትሉ ሥራው አሸኝ፣ ረገጠኝ ማለታችሁ ነው። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አይዋሽም። ውጤት አገኘሁ አይልም። «ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ተሸክሞ ያድራል» ሲባልም ሰምታችኋል፤ ልፋት ብቻውን የትም ላያደርስ እንደሚችል አበው ያውቁ ነበር።

ወዝም አለ። በአብዮቱ ዘመን «ወዝ አደር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ወዝ የሠራተኛ ላብ ነው፣ የፊት ጸዳልም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታችን ደስ ይለኛል።

ጥረት ግን አላግባብ ተጎድቷል። የጣር ዘመድ ነው፤ ጣረ ሞት የምንለው ጣር። ይህን ያህል ከባድ ቃል ወስደን «ችግሩን ለመቅረፍ ጥረት ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተትነው። ማን ጣረ? አይታወቅም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፍ ነበር፤ ማን? ስንት ቀን? ምን ሆነ? አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርቱ ሲመለስ ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዟል። መልስ ያልነበረው ጥያቄ ስለሆነ ነው። ሲቪያችሁ ላይም «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» ከምትሉ ምን እንደሠራችሁ ጻፉ፤ ጥንካሬውን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ጋ ደረስኩ፣ ትጋት።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የአንድ መጽሐፍ ማረሚያ ገጾች ተሰጡኝ። ሦስት ቀን ነበረኝ። ሦስቱንም ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አነበብኩ፣ በቡና ብዛት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ገጾቹን ታቅፌ ኮራ ብዬ ገባሁ። አለቃዬ አዛውንት አርታኢ ነበሩ። ውስጡን አላዩም። የፊተኛውን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን የደራሲው ስም ላይ አሳረፉ። አንድ ፊደል ተገድፏል። ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ገጽ ነው!

«ለፍተሃል» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ግን አልተጋህም። ሂድና ተኛ፣ ከዚያ ና።»

ያን ቀን አልገባኝም። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው እንዴት አልተጋም ይባላል? በኋላ ነው የቃሉን ሥር ያገኘሁት። መትጋት መንቃት ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ የተኙትን ደቀ መዛሙርት «ትጉና ጸልዩ» ሲላቸው ነቅታችሁ ጠብቁ ማለቱ ነው፤ ሳያንቀላፉ የሚያመሰግኑ መላእክትም «ትጉሃን» ይባላሉ። እኔ ዓይኔ ተከፍቶ ነበር እንጂ አልነቃሁም። ሰውነቴ ለፍቷል፣ አእምሮዬ ግን ሁለተኛው ሌሊት ላይ ተኝቶ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣችሁ ስታነጉ ይህን አስቡ። መድከማችሁን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። እኔ ለዓመታት ቆጥሬዋለሁ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

ሌላም የምትፈሩት ቃል ልስጣችሁ፣ መባከን። «ዛሬ ባክኜ ዋልኩ» እንላለን፣ እንደ ዋዛ። ገንዘብ ባከነ፣ ጊዜ ባከነ ስንል ግን ያው ቃል ነው። ከስብሰባ ስብሰባ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላ ግሩፕ፣ ላይ ታች ስትሉ መሽቶ ምን እንደሠራችሁ ከጠፋችሁ፣ የባከናችሁት እናንተው ናችሁ። ይህ ከልፋት ጋር አንድ አይደለም። የለፋ ቆዳ ቢያንስ ለስልሷል።

ስለዚህ ማታ ማታ ቀናችሁን በስሙ ጥሩት። ዛሬ ለፋሁ? ተጋሁ? ወይስ ባከንኩ? ለማንም መንገር የለባችሁም። እኔ ከዚያ ገጽ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬ ጥግ ላይ አንድ ቃል ጽፌ እተኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛው «ባከንኩ» ነው፣ ሳገላብጠው አሁንም ይቆረቁረኛል፤ ግን እሱን ባልጽፈው የቱን ስብሰባ መቅረት እንደነበረብኝ አላውቅም ነበር።

እናታችሁ ደውለው «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ሲሏችሁም «ቢዚ ነበርን» ብላችሁ አትዝጉባቸው። ዝርዝሩን ንገሯቸው። ሥራው ባይገባቸውም «ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» ይሏችኋል፣ እሳቸው ደፋ ቀና ሲሉ የኖሩ ናቸውና።