መልስ፦ የኢዝኒክ ታይሎች ቀለም ሳይሰበሩ እንዴት ይታወቃል?

ኢስታንቡል መስጊዶች ውስጥ ያሉት፣ በቱርክ ኢዝኒክ ከተማ የተሠሩት የኢዝኒክ ታይሎች ቀለም ከምን እንደተሠራ ሳይሰበሩ ይታወቃል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሰማያዊው የላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ይሆን ብለህም ጠርጥረሃል።

አይደለም፣ ኮባልት የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ታይሉ ላይ ሲደገን፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን መለያ ጨረር ይመልሳል። ኮባልት ከ1 በመቶ በታች ሆኖ እንኳ የላዩን መስታወታማ ልባስ ደማቅ ሰማያዊ ያደርገዋል። አብረውት የሚታዩት ኒኬልና አርሰኒክ ስለ ማዕድኑ ምንጭ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ግን መሣሪያው ምን እንዳለ እንጂ በምን መልክ እንዳለ አይነግርህም። መዳብ ራሱ ሶዳ በበዛበት ልባስ ውስጥ ቱርኩዋዝ፣ እርሳስ በበዛበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀዩ ነው። የሱለይማኒዬ መስጊድ በተሠራበት በ1550ዎቹ ብቅ ያለ ቀለም ነው፤ ብትዳስሰው ከፍ ብሎ ይሰማሃል። ብረት ልባሱ ውስጥ ከሟሟ ቀይነቱ ይጠፋል፣ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ ብረት የበዛበትን ሸክላ አወፍረው ቀቡት፤ ቀያዮቹ ቅንጣቶች ሳይሟሙ ቀሩ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እነዚህ ቅንጣቶች ሄማታይት (ቀይ የብረት ኦክሳይድ) መሆናቸውን የሚለየው ራማን የሚባለው የሌዘር ምርመራ ነው። የሟሟውን ኮባልት ግን ራማን በቀጥታ አያየውም፤ ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት።

ቀዩ ላይ የዘመናዊ ቀይ ቀለም ንጥረ ነገሮች የሆኑት ካድሚየምና ሴሊኒየም ከተገኙ ደግሞ ያ ታይል የ16ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም፤ በዘመናችን የተተካ ወይም የተጠገነ ነው።