ገለባው በነፃ ነው አትበሉ

ይድረስ በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በቁሳቁስ ምህንድስና ትምህርት ላይ ላላችሁ ልጆቼ፤

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ «ከሩዝ ገለባ ሲሊከን አውጥተን ርካሽ ሶላር ሴል እንሥራ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ስሰማ ዛሬም ልቤ ይሞቃል፤ እኔንም ወደ ላቦራቶሪ ያስገባኝ ይኸው ሐሳብ ነውና። እንድትተዉት አልመክራችሁም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የገባኝን ግን እናንተ ገና ስትጀምሩ ብታውቁት እወዳለሁ።

ወረታ የሄደ ሰው ያውቀዋል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ተሰብስቦ ወደ መፈልፈያ ቤቶች ሲገባ የገለባው ክምር ከጓሯቸው ይነሣል። አንድ እፍኝ ዘግናችሁ በመዳፋችሁ ብታሹት ይቧጭራችኋል። የሚቧጭረው ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ ነው። ሩዙ በውሃ የሟሟውን ሲሊካ ከአፈር በሥሩ እየሳበ ፍሬውን በሚሸፍነው ልባስ ላይ ያከማቸዋል። 100 ኪሎ ገለባ ሲቃጠል 20 ኪሎ ገደማ አመድ ይተርፋል፤ ከአመዱም ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ነው።

ገለባውን እንዲሁ ካቃጠላችሁት አመዱ ግራጫ ይሆናል። በውስጡ ያለው ፖታሲየም ከሲሊካው ጋር ተዋሕዶ ሲቀልጥ ጥቂት ካርቦን አፍኖ ያስቀራል። አስቀድማችሁ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀቅላችሁ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ በ600 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስታቃጥሉት ግን እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የገለባው ቅርጽ እንኳ አይፈርስም። የእቶኑን በር ከፍቼ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ከባዱ ሥራ ያለቀ መስሎኝ ነበር። (እሳቱን ግን ከልክ በላይ አታስነሡት። ሙቀቱ በጣም ሲያይል ሲሊካው ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል፤ የዚያ አቧራ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ጭምብል ሳታደርጉ አመድ አትፍጩ።)

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ሲሊካ ሲሊከን እንዲሆን ኦክስጅኑን የሚነጥቅለት ያስፈልገዋል። ፋብሪካዎች ኳርትዝ የተባለውን የሲሊካ ድንጋይ ከከሰል ጋር አድርገው በኤሌክትሪክ እቶን ወደ 2,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ያቀልጡታል። እኛ በትንሽ ላቦራቶሪ የምንችለው ማግኒዚየም ቀላቅሎ በ650 ዲግሪ ገደማ ማጋል ነው። አሁን እርሳስ አንሡና ቀመሩን አስሉት፤ ለ1 ኪሎ ሲሊከን ከ1.7 ኪሎ በላይ ማግኒዚየም ይገባል። ገለባውን በነፃ አገኘን ያልን ሰዎች፣ ከምናወጣው ሲሊከን ይልቅ የሚመዝን ማግኒዚየም እንገዛለን ማለት ነው። ከዚያ ማግኒዚየም ኦክሳይዱን አጥቦ የሚያስወግድ አሲድ አለ፤ የአሲዱ ፍሳሽም የሚወገድበት መንገድ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ለሶላር ሴል የሚፈለገው ንጽሕና ቢያንስ 99.9999 በመቶ ነው። በተለይ ቦሮንና ፎስፎረስ በቀላሉ አይለቁም፤ ፎስፎረስ ደግሞ በማንኛውም ተክል ውስጥ አለ። ወጪውን የሚበላው ማጥራቱ ነው። ይህን ሳያሰሉ ርካሽ ሲሊከን አመርታለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ተረፈ ምርት» የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ ያዙት። የጤፍን ጭድ ተረፈ ምርት ነው ብሎ በጥናቱ ያሰፈረ ተማሪ ገጥሞኝ ነበር፤ ከብት የሚበላው፣ ጭቃ የሚቦካበት፣ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ነገር መሆኑን ያጣው አይመስለኝም፤ ጽሑፍ ሲጽፍ ግን ረሳው። የሩዝ ገለባንም ለማገዶ ወይም ለዶሮ ቤት ወለል የሚወስድ ሰው ካለ ጠይቁ። እናንተ በኩንታል መውሰድ ስትጀምሩ ዋጋ ማውጣቱ አይቀርም።

ታዲያ ምን እንሥራ ካላችሁኝ፣ ቆሻሻን የሚታገሥ የሴሉን ክፍል ፈልጉ እላለሁ። ለእኔ እሱ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው የካርቦን ንጣፍ ነው። ብራያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትዝል በ1991 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሎዛን ያስተዋወቁት፣ ብርሃን በሚውጥ ቀለም የሚሠራ ሶላር ሴል በአንድ በኩሉ አብዛኛውን ጊዜ ፕላቲነም ይቀባል። ፔሮቭስካይት የተባለ የክሪስታል ዓይነት ብርሃኑን በሚይዝበት ሴል ላይ ደግሞ ወርቅ በቫኪዩም መሣሪያ ውስጥ ተንኖ ይለጠፋል። ሁለቱንም ካርቦን ሊተካቸው ይችላል፤ እንደ ሊጥ ተለውሶ በወንፊት ጨርቅ ላይ ይገፋል እንጂ ቫኪዩም አይፈልግም። ካርቦኑን ለማግኘት የጅማን የቡና ገለፈት አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ማክሰል የከሰል አክሳዮቻችን ጥበብ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ችግር አለው፤ እንዲህ ያለ ካርቦን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከግራፋይት ያንሳል። ስለዚህ ግራፋይት ቀላቅሉበት፤ መቀላቀላችሁንም፣ ስንት እጅ እንደሆነም ሳትደብቁ ጻፉ። በቀለም ሴል ውስጥ ብዙውን ወጪ የሚይዘው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስታወት መሆኑንም አብራችሁ ጻፉ።

ስትለኩ በሴሉ ላይ ስፋቱ የታወቀ ቀዳዳ ያለው ጥቁር መሸፈኛ አድርጉ። አለበለዚያ ብርሃን በጎንና በመስታወቱ ጠርዝ እየገባ ያልሠራችሁትን ውጤት ይሰጣችኋል። እኔ ያለ መሸፈኛ የለካሁትን ቁጥር በስብሰባ ላይ አቅርቤ፣ ኋላ ሸፍኜ ስለካው በግማሽ ወርዶ አገኘሁት። ለዚያ ስብሰባ ተሳታፊዎች ማስተካከያ ጽፌ መላክ ነበረብኝ፤ ላክሁም።

በመጨረሻም ስለ ጆንያው። ገለባ ልታመጡ ስትሄዱ ከሦስት መፈልፈያ ቤቶች ለየብቻ ቅዱ። የሩዙን ዝርያ፣ የበቀለበትን ቀበሌና ቀኑን እዚያው ቆማችሁ በጆንያው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ አመዱ እንደ አፈሩና እንደ ዝርያው ይለያያል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው አመዶች ሁሉ ንጹሑ ከአንድ ጆንያ የወጣ ነበር። ጆንያው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሦስት መኸር ተመላልሼ ፈለግሁት፤ እሱን የመሰለ ገለባ አላገኘሁም።