ሁሉም ዝም ብሎ ሳለ ሲፒዩው ለምን አይወርድም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመኪና ጂፒኤስ ዳታ የሚቀበል ሰርቨር በሲ ጽፌ ሊኑክስ ላይ እያሰራሁት ነው። ወደ 3000 መሳሪያ ሁሌ እንደተገናኘ ይቆያል ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። ሌሊት መኪኖቹ ቆመው እንኳን ሲፒዩው አይወርድም። ዳታ የምጠብቀው ፖል በሚባለው ሲስተም ኮል (ዳታ የመጣበት ግንኙነት ካለ ሊኑክስን በሚጠይቀው ጥሪ) ነው፣ ዳታው እንዳይዘገይብኝ ብዬ ታይምአውቱን (ምንም ካልመጣ የሚጠብቅበትን ጊዜ) 1 ሚሊሰከንድ አድርጌዋለሁ። አለቃዬ ሌላ ሰርቨር እንግዛ እያለ ነው፣ እውነት ያስፈልገናል?

መልስ፦ እህቴ በፍጹም አትግዙ! ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የምትጠይቂበት መንገድ ነው የሚያደክመው።

ታክሲ ላይ ያለውን ወያላ አስቢው። ተሳፋሪው "ወራጅ አለ" ሲል በር ይከፍታል በቃ። ያንቺ ወያላ ግን በየአስር ሜትሩ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እያንዳንዱን ሰው "ትወርዳለህ? ትወርጃለሽ?" እያለ ነው። ፖልን በጠራሽው ቁጥር የ3000ውም ሶኬት (የእያንዳንዱ መሳሪያ ግንኙነት) ዝርዝር ወደ ከርነል ይገለበጣል፣ ለአንዱ 8 ባይት ስለሆነ 24 ሺህ ባይት መሆኑ ነው፣ ከዛ ከርነሉ አንድ በአንድ ዳታ አለህ ወይ ይላል፣ ከሌለ በየሶኬቱ የመጠበቂያ ወረፋ ላይ ይመዘገባል፣ ይተኛል፣ 1 ሚሊሰከንዷ ስትሞላ ተነስቶ እንደገና ሁሉንም ይጠይቃል፣ ምዝገባውን በሙሉ ሰርዞ ባዶ እጁን ይመለስልሻል። በሰከንድ 500 ጊዜ ብቻ ብትጠሪው እንኳን 1.5 ሚሊዮን ሶኬት ነው የሚታየው፣ ያውም የድጋሚውን ዙር ሳንቆጥር። እና የሚያናድደው፣ በሚቀጥለው ጥሪ ያንኑ ዝርዝር እንደ አዲስ ትነግሪዋለሽ፣ ምንም አያስታውስም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ታይምአውቱን -1 አድርጊው፣ ዳታ እስኪመጣ ያለ ገደብ ጠብቅ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲያሳጥረው ዳታው ቶሎ የሚደርስ ይመስለዋል፣ አይደለም እኮ፣ ዳታ ሲመጣ ከርነሉ ታይምአውቱን ሳይጠብቅ ነው የሚቀሰቅስሽ። በየጊዜው የምትሰሪው ሌላ ስራ ካለ እስከዛ ስራ ሰዓት ድረስ ስጪው። የሌሊቱ ችግር በዚህ ብቻ ይቀላል።

የከርነል ሰዎችም ፖል ውስጥ ያለውን ብክነት ሲቀንሱ ነው የኖሩት። አንዷን በጣም እወዳታለሁ፦ ፍተሻው ላይ አንድ ዝግጁ ሶኬት ከተገኘ ለቀሩት ወረፋ ላይ መመዝገብ ይቆማል፣ መተኛት ስለሌለ ምዝገባው ለምን ያስፈልጋል? ግን ሁሉንም መጠየቁ ራሱ አይቀርም፣ አሰራሩ ነው።

ቀን ላይ ግን ዳታ ሲበዛ ፖል በየጥሪው ሁሉንም መጠየቁ ስለማይቀር፣ ወደ ኢፖል (ሊኑክስ ላይ የፖል ምትክ) መሄድ አለብሽ። ሴሌክት የሚባለው የፖል ታላቅ ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ያኔ ማንም ሺዎች ግንኙነት አላሰበም። ፍሪ ቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በእ.ኤ.አ. 2000 ኬኪዩ የሚባለውን የራሱን መፍትሄ አመጣ፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኢፖል በእ.ኤ.አ. 2002 ገባ። ሶኬቱን አንዴ ታስመዘግቢያለሽ፣ ከርነሉ ራሱ ይይዘዋል፣ ዳታ ሲደርስ ያ ሶኬት ዝግጁዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ኢፖል ዌይት ስትጠሪ እነዛን ብቻ ያመጣልሻል። "ወራጅ አለ" ማለት ይሄ ነው። ድካሙ ስንት መሳሪያ ተገናኘ ሳይሆን ስንቱ ዳታ ላከ በሚለው ይወሰናል፣ ለአስር ሶኬት ከሆነ ግን ልዩነቱን አታዪውም።

አደራ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈጣን ነው ብለው የሚመክሩትን ኤጅ ትሪገርድ የሚባለውን የኢፖል አሰራር ገና ሲጀመር አትንኪው። እሱ "ወራጅ አለ" የሚለው አንዴ ብቻ ነው፣ ሶኬቱን እስኪደርቅ ድረስ ካላነበብሽው የቀረው ዳታ እዛው ተቀምጦ ሌላ እስኪመጣ ማንም አይነግርሽም። ምንም ካልመረጥሽ የሚሰራው ሌቭል ትሪገርድ ዳታው እስካለ ድረስ ደጋግሞ ይነግርሻል፣ ለ3000 መሳሪያ እሱ ይበቃል።

ከመለወጥሽ በፊት ሌሊት ላይ ስትሬስ የሚባለውን የሲስተም ኮል መከታተያ በመቁጠሪያው አማራጭ 10 ሰከንድ ያህል አስሪው፣ ፖል ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይነግርሻል (ፕሮግራሙን ስለሚያዘገይ ብዙ አታቆዪው)። ከለወጥሽ በኋላ ድገሚውና ሁለቱን ቁጥር ለአለቃሽ አሳዪው።