ባህር ዳር ቤት ልትገዙ ላሰባችሁ፦ በወንድም ስም አትግዙ

የውጭ ዜግነት ወስጄ ፓስፖርት ቀይሬያለሁ፣ ቤት በስሜ አይሆንም ብላችሁ ብሩን ለወንድም ለእህት የምትልኩ ሰዎች እስቲ ቆይ። አዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክላል፣ ግን በ1994 የወጣው አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይሄን ክልከላ አንስቶታል፣ የሎ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ካወጣችሁ ካርታው በራሳችሁ ስም ይሆናል፣ በቃ። በ2017 የጸደቀው፣ የውጭ ዜጋ ቤት ለመግዛት ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ያውጣ የሚለው አዋጅ ለፈረንጁ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ወንድማችሁ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው በሕግ ባለቤት ተብሎ የሚገመተው፣ እሱ ቢፋታ፣ ቢበደር፣ አያድርገውና ቢሞት ሚስትም ልጅም አበዳሪም ቤቱን የሱ ብለው ነው የሚመጡት፣ እናንተ ቨርጂኒያ ቁጭ ብላችሁ ደረሰኝ ትፈልጋላችሁ፣ ደረሰኝ ከተገኘ ነው እሱም፣ በጥቁር ገበያ ለላከማ ምን ደረሰኝ አለ።

መምጣት ካልቻላችሁ ወንድምን ወኪል አድርጉት። ውክልናውን ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ሄዳችሁ ትሰጡና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። "ቤት ይግዛልኝ፣ ካርታውን በስሜ ያዙርልኝ" ይበል፣ "ይሽጥ ይለውጥ" የሚለው በልማድ ገብቶ ካገኛችሁት አስወጡት።

ባህር ዳር ደግሞ ደላላው መጀመሪያ የሚወስዳችሁ ጣና ዳር ነው፣ ነፋሱ፣ ታንኳው፣ ደንገሉ፣ በቃ ልብ ይሰርቃል። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ፣ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ምን እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ፣ ቦታውንም በበጋ አይታችሁ አትወስኑ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ እዩ። ወደ ዘንዘልማ ምናምን ወጣ ሲባል ከገበሬ በመንደር ውል የሚሸጥ ይቀርብላችኋል፣ ዋጋውም ያጓጓል፣ ሽማግሌ ፈርሞበታል ይሏችኋል። መቶ ሽማግሌ ቢፈርም የገበሬ መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ን አንብቡት።

ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ የሊዝ ቀሪ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መሬት አስተዳደር ሄዶ የሚያጣራ ሰው ላኩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉ ላይ ግብር ይቀንሳል ብለው ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይጽፉላችኋል፣ እምቢ በሉ፣ ነገሩ ቢበላሽ የምትጠይቁት እዚያ የተጻፈውን ብር ነው። ቀሪውን ክፍያም ስሙ ዞሮ ካርታው በእጃችሁ እስኪገባ አትልቀቁ፣ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።