ዳዊት አንዱን ነገር ለምን ሁለቴ ይናገራል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። መዝሙር 8፥4 «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው? ትጐበኘውም ዘንድ የሰው ልጅ ምንድር ነው?» ይላል። ተማሪዎቼ «ሰው» እና «የሰው ልጅ» ይለያያሉ ወይ ብለው ያዙኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እዚህ ላይ አንድ ናቸው ይበሏቸው። የዕብራይስጥ ግጥም እንደ እኛ በስንኝ መጨረሻ ቤት አይመታም፤ ቤት የሚመታው ሐሳቡ ነው። አንዱን ተናግሮ ወዲያው በሌላ ቃል ይደግመዋል። ጥቅሱን ከመሃል ከፍለው ሰሌዳው ላይ ግራና ቀኝ ይጻፉትና ልጆቹ ቃላቱን ያጋቡ፦ «ታስበው» ከ«ትጐበኘው»፣ «ሰው» ከ«የሰው ልጅ»። ያን ጊዜ ከባዱ ቃል በጓደኛው ይፈታል። መጐብኘት ሲባል ልጅ አእምሮ ላይ የሚመጣው ታማሚ መጠየቅ ወይም አገር ማየት ነው፤ «ማሰብ» አጠገቡ ሲቆም ግን የእግዚአብሔር እንክብካቤ መሆኑ ይገባቸዋል። ሁለተኛው መስመር ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ አስቦ አይቀርም፣ ይመጣል።

ዕብራውያን 2፥6 ይህንኑ ጥቅስ ይዞ ስለ ኢየሱስ ይናገራል። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ግን የመዝሙሩን የራሱን ንባብ ያስይዟቸው።

ሁለተኛው መስመር ተቃራኒ የሚሆንበትም አለ። ምሳሌ 10፥1 «ብልህ ልጅ አባቱን ደስ ያሰኛል፥ ሰነፍ ልጅ ግን ለእናቱ ኀዘን ነው» ይላል። «ብልህ ልጅ የአባት፣ ሰነፍ ልጅ የእናት» ብሎ የሚያስተምር ሰው ግጥሙን ስቶታል። ገጣሚው ወላጆችን ለሁለት መስመር አካፈላቸው እንጂ ደስታውም ኀዘኑም የሁለቱም ነው። ወሎ ያደገ ጆሮ ሰምና ወርቅ ስለለመደ ከቃሉ ሥር ሌላ ቃል መቆፈር ይቀናዋል። እንዲህ ባለው ግጥም ግን አስቀድሞ የሚታየው ከቃሉ ጎን ያለው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። ባለ ጠጋ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል የሚለውን አንድ ሰባኪ ሲያብራራ፣ «የመርፌ ቀዳዳ» ግመል ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ የሚገባበት የኢየሩሳሌም በር ነበር አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ ስም የሚጠራ በር እንደነበር ከዚያ ዘመን የተገኘ ማስረጃ የለም። ማስረጃው ይቅርና ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ፤ ማቴዎስ 19፥25 እና 26። ደቀ መዛሙርቱ እጅግ ተገርመው «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» አሉ። ኢየሱስም «ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል» አላቸው። ተንበርክኮ የሚገባ ግመል ቢሆን ኖሮ ይቻላል ማለት ነው፤ መገረሙም መልሱም ከንቱ ይሆናል።

ይህ ግነት ነው። በአገሩ የታወቀውን ትልቅ እንስሳና ትንሿን ቀዳዳ ጎን ለጎን አቆመ። ባቲ ገበያ ሰኞ ዕለት ግመል አጠገብ ቆመው ካወቁ፣ ያን ሻኛና ያን አንገት በመርፌ ቀዳዳ ለማሳለፍ በሐሳብዎ ይሞክሩት፤ ሰሚዎቹ የደነገጡት በዚህ ነው። «ግመል ሳይሆን ገመድ ነው» የሚሉም አሉ። በግሪክኛው ሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ገመድ የሚሉት ግን ጥቂትና ዘግይተው የተጻፉ ቅጂዎች ናቸው። ደግሞስ ገመድ መቼ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል? ግነት መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቃል በቃል ሊሆን ይችላል? ሰሚዎቹስ ምን አሉ? ማቴዎስ 7፥3 ላይ በዓይን ውስጥ ያለውን ምሰሶም በዚሁ ይመዝኑት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ባለው ዳዊት መዝሙር 118 ላይ «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» የሚሉት የሰው ስሞች ናቸው?

መልስ፦ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው። (በዕብራይስጡ ቁጥር መዝሙሩ 119ኛ ነው።) 22 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር፣ በድምሩ 176፤ በዕብራይስጡ ስምንቱም ቁጥሮች በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። በቃል ለማጥናት ይረዳል፣ «ከሀ እስከ ፐ» እንደማለትም ነው። ምሳሌ 31፥10–31 ያሉት 22 ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በትርጉም ፊደሉ ስለሚጠፋ ግን አይታወቅም። ያ ክፍል የልባም ሴትን ምስጋና ከአሌፍ እስከ መጨረሻው ፊደል እስከ ታው የደረደረ ግጥም ነው። በሠርግ ቀን ሙሽራይቱ ላይ እንደ ሥራ ዝርዝር ባይነበብባት ደስ ይለናል።