ቤቱን የምታሰናጂው አንቺ፣ ኮሚሽኑ የወንድምሽ

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተናድጄ ነበር። በአንቺ አይደለም። «ወንድሜ ስለሆነ ገንዘብ መጠየቅ ይከብደኛል» በምትለዋ መስመር ነው። ይህችን መስመር በተለያየ መልክ ብዙ ወጣቶች ይጽፉልኛል። አንዱ በአጎቱ ሱቅ ያለ ደመወዝ ይውላል። ሌላዋ የእህቷን ድርጅት ሒሳብ በነፃ ትይዛለች። ስለዚህ የዛሬው መልስ አብዛኛው ስለዚህች መስመር ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላንሳው። ጠያቂዬ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ የቤት ደላላ ነው። የሚሸጥ ቤት ሲይዝ ይደውልላታል፤ እሷ ሄዳ ቤቱን ለገዢ ዓይን ታሰናዳዋለች። የተከማቸ ዕቃ ታስወጣለች፣ ሶፋ ታዘዋውራለች፣ መጋረጃ ትቀይራለች፣ ክፍሎቹን ለፎቶ ታዘጋጃለች። ሆም ስቴጂንግ የሚባለው ሥራ ማለት ነው። ቤቶቹ ይሸጣሉ። ወንድሟ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ እሷ የትራንስፖርትና ምስጋና ታገኛለች። ሥራውን ሙያዋ ልታደርገው ትፈልጋለች። አባቷ ግን «ቤት ለማጽዳት ነው ያስተማርኩሽ?» ይሏታል። አጎቷ ደግሞ ተበድራ የቤት ዕቃ እንድትገዛና በዚያ እንድትጀምር ይመክሯታል። ሰርተፍኬት ያስፈልገኝ ይሆን ብላም ጠይቃኛለች።

መጀመሪያ ይህን ልበልሽ፤ የምትሠሪው ሥራ ነው። «እገዛ» እያልሽ ጽፈሽዋል። እገዛ አይደለም።

በደብዳቤሽ መሃል እንደ ዋዛ የጣልሽው ነገር አለ። አንድ ባዶ ቤት ገዢዎች እየመጡ «ጠባብ ነው» ብለው ይሄዱ ነበር ብለሻል። አንቺ አልጋ፣ አነስ ያለ ጠረጴዛና ምንጣፍ ስታስገቢበት «ሰፊ ነው» ማለት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ገርሞሻል። ባዶ ክፍል ውስጥ ዓይን የሚለካበት ነገር ያጣል። አልጋ ይገባል አይገባም ብሎ መገመት ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ደግሞ ወደ «አይገባም» ያደላል። አልጋው ሲቀመጥ ጥያቄው ይመለሳል። አምፖሎቹንም አንድ ዓይነት ማድረግሽን ጽፈሻል። ጥሩ አድርገሻል። አንዱ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ ካሜራ ልዩነቱን ያጎላዋል፤ ግድግዳው የቆሸሸ ይመስላል። ለመኖሪያ ክፍል ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለው ብርሃን ይበቃል። ቁም ሳጥኑን በግማሽ ባዶ ማድረግሽም ልክ ነው። ገዢ ይከፍተዋል። ጢም ብሎ ካየው ቤቱ ማስቀመጫ የለውም ብሎ ይደመድማል።

ይህ ሁሉ እውቀት ነው። እውቀት ደግሞ ዋጋ አለው።

አሜሪካ ውስጥ የዚህ ሥራ ጀማሪ ተደርጋ የምትጠቀሰው ባርብ ሽዋርዝ ናት፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1972 ነው። እሷ ራሷ የቤት ሽያጭ ወኪል ነበረች። ቤቱን ታሰናዳለች፣ ቤቱ ሲሸጥም የሽያጩ ኮሚሽን ለእሷ ይገባል። ስለዚህ ማን ይከፍለኛል የሚል ጥያቄ አልነበረባትም። ኋላ ግን ሥራው ከሽያጩ ተለይቶ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አሰናጁ ሌላ ሰው፣ ሻጩ ሌላ ሰው ሲሆን ክፍያውም መለየት አለበት። አንቺ ቤት ያልተለየው ይህ ነው። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል፤ ገንዘቡ ግን አንድ ኪስ ይገባል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከገዢ ወኪሎች 81 በመቶው ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። የተሰናዳ ቤት ገዢው «የወደፊት ቤቴ» ብሎ እንዲያስበው ያቀልለታል ብለዋል። ይህን የተናገሩት የወንድምሽ የሙያ አጋሮች ናቸው። ወንድምሽም ያውቀዋል፤ ባያውቅ ኖሮ ሁልጊዜ አይደውልልሽም ነበር።

አሁን ወደ አከፋፈሉ እንግባ። ወንድምሽ «ቤቱ ሲሸጥ የሆነ ነገር እሰጥሻለሁ» እንዳለሽ ጽፈሻል። አትቀበዪ። የቤቱን ዋጋ የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም። ባለቤቱ ቤቱ ከሚያወጣው በላይ ከጠራ፣ የትኛውም ምንጣፍና መጋረጃ አይሸጠውም። የአካባቢውን ጫጫታ፣ የወረቀቱን ችግር፣ የባለቤቶቹን ጭቅጭቅ አንቺ አትፈቺውም። ክፍያሽን ከሽያጩ ጋር ካሰርሽው ግን የእነዚህን ሁሉ ዕዳ ተሸክመሻል ማለት ነው። ቀለም የቀባው ሠራተኛ ቤቱ እስኪሸጥ አይጠብቅም። አንቺ ለምን ትጠብቂያለሽ?

ሥራሽን በሦስት ክፈይው። የመጀመሪያው ምክር ብቻ ነው፦ ከባለቤቱ ጋር ቤቱን ዞረሽ፣ ምን ይውጣ፣ ምን ይጠገን፣ ምን ይቀባ ብለሽ ክፍል በክፍል ጽፈሽ ትሰጫለሽ፤ የሚሠራው ባለቤቱ ነው። ሁለተኛው ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በራሱ ዕቃ ራስሽ ማሰናዳት ነው። ሦስተኛው ባዶ ቤት ውስጥ ዕቃ ማስገባት ነው፤ እዚህ ኪራይ፣ ጭነትና ጉልበት ስለሚጨመር ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ ዋጋ አውጪ። ባለቤቱ በጀት ካነሰው ሳሎኑን፣ ዋናውን መኝታ ቤትና ወጥ ቤቱን አስቀድሚ። ገዢ ልቡ የሚቆመው እነሱ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ውል ጻፊ። ምን እንደምትሠሪ፣ ምን እንደማትሠሪ፣ ጥገናና ቀለም በማን ወጪ እንደሆነ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ፣ ቤቱ ሳይሸጥ ቢከርም ዕቃው መቼ እንደሚነሳ። ግማሹን ክፍያ ቀድመሽ ተቀበይ፤ ቀሪውን ለፎቶ በተዘጋጀ ቀን። የሒሳብ ተማሪ ነሽ፤ ይህ አይከብድሽም። «ለወንድም ደግሞ ውል?» የሚል ሰው ይመጣል። አዎ፣ ለወንድም። በዘመድ መካከል ቂም የሚፈጠረው ያልተጻፈ ነገር ላይ ነው።

ከፋዩ ባለቤቱ ቢሆን ይሻላል። ባለቤቱ እምቢ ካለና ወንድምሽ ግን ሥራሽን ከፈለገው፣ ከኮሚሽኑ ይክፈል። እንዲህ በይው፦ «ያለፈውን አልጠይቅህም። ከሚቀጥለው ቤት ጀምሮ ሥራዬን ለባለቤቱ በዋጋ አቅርብልኝ። ባለቤቱ ካልፈለገ አንተ ትከፍለኛለህ። ሁለቱም ካልሆነ አልመጣም።» ከዚያ ዝም በይ፣ መልሱን ጠብቂ። ሥራውን አገናኝቶሻል፣ ልምድም አግኝተሻል፤ ይህን አልክድም። ግን ዕዳሽን ደጋግመሽ ከፍለሻል። ያለፈውን ተዪለት ያልኩሽ ገንዘቡ ስለማይገባሽ አይደለም። በእሱ ስትጨቃጨቂ የወደፊቱ እንዳያመልጥሽ ነው። በምትኩ የሠራሻቸውን ቤቶች የበፊትና የኋላ ፎቶ ስጠኝ በይው፤ ባለቤቶቹንም አስፈቅጂ።

አንድ ከባድ ነገርም ጽፈሻል። ግድግዳው ላይ የወጣውን የእርጥበት ምልክት በቁም ሳጥን እንድትሸፍኚው ወንድምሽ አዞሽ አድርገሽዋል። ይህን ከአሁን በኋላ አታድርጊ። ቤትን ማሳመርና ጉድለትን መደበቅ የተለያዩ ናቸው። በብዙ አገር ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ለገዢ የመግለጽ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፣ ይጠገን፣ ካልሆነም ይነገር። በኮምፒውተር ብቻ ዕቃ የተጨመረባቸው ፎቶዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ዕቃው በኮምፒውተር የተጨመረ መሆኑ ከፎቶው ሥር ይጻፍ። ይህን የማነሳው ከክፍያው ጋር ስለሚገናኝ ነው። በነፃ የምትሠራ እህት «አይሆንም» ለማለት አቅም ታጣለች። ውል ያላት ባለሙያ ግን የምትመልሰው በራሷ ስም ነው።

አጎትሽን አመስግኚያቸው፤ ብድሩን ግን አሁን አትውሰጂ። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ እይዝ ነበር። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሶፋ ገንዘብ ይበላል። የመጋዘን ኪራይ አለው፣ ጭነት አለው፣ ይጫጫራል፣ ፋሽኑ ያልፋል። ወለዱ ደግሞ ሥራ ኖረም አልኖረም ይቆጥራል። ባዶ ቤት ሲመጣ ዕቃውን ከሌላ ተከራዪ፤ ኪራዩንም በደንበኛው ሒሳብ ላይ ጨምሪው። በአንድ ዓመት ውስጥ የትኛው ዕቃ ደጋግሞ እንደሚወጣ ከራስሽ መዝገብ ታያለሽ። መግዛት ካለብሽ ያኔ እሱን ግዢ።

ሰርተፍኬቱ አይጎዳም፤ ግን በብዙ ቦታ ለዚህ ሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ደንበኛ የሚጠይቅሽ ፎቶ ነው።

ስለ አባትሽ ደግሞ ፊት ለፊት ልናገር። በጽዳቱ ጉዳይ ተሳስተዋል። አዎ፣ ሥራው መጥረግም አለበት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የአባትሽን ክብር የሚነካው ልጃቸው መጥረጊያ መያዟ ሳይሆን በነፃ መሥራቷ ቢሆን ይሻል ነበር። በአንድ ነገር ግን እደግፋቸዋለሁ፤ ዲግሪሽን ጨርሺ። ስትመረቂም ቢቻል የውስጥ ዲዛይን ወይም የዕቃ ኪራይ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠሪ። ደመወዝ እየበላሽ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚጠፋ ታያለሽ። የማሰናዳቱን ሥራ በትርፍ ጊዜሽ በክፍያ ቀጥዪ። የራስሽን ከመክፈትሽ በፊት የሌላውን መዝገብ ማገላበጥ ጥሩ ትምህርት ነው። አባትሽም የወር ደመወዝ ሲያዩ ለሁለተኛው ሥራሽ ጆሮ ይሰጡ ይሆናል።

የሚቀጥለው ቤት መቼ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ወንድምሽ ከመደወሉ በፊት ውሉን ጽፈሽ ላኪልኝ። አይቼ፣ የጎደለ ካለ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ።